ሙዚቃ ማቀናበር ለሚጀምር ሰው፦ ሶፍትዌርና ዕቃ እንዴት ይመረጣል?

በኮምፒውተር ሙዚቃ መሥራት ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» ብሎ ነው። መልሱ እንደ መላሹ ይለያያል። አንዱ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ይላል፣ ሌላው ኤብልተን ይላል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ያጣጥላል። ጠያቂው ግራ ተጋብቶ ይቀራል፤ ወይም የማያስፈልገውን ማይክ ገዝቶ ቤቱ ይገባል።

እኔ የምመክረው ግዢው ወደ መጨረሻ እንዲሄድ ነው። መጀመሪያ የምትሠሩትን ለዩ። ቀጥሎ በእጃችሁ ባለው ኮምፒውተር ጀምሩ። ዕቃ የምትገዙት ሥራው ራሱ «ይህ ጎደለኝ» ሲል ብቻ ይሁን።

1. ምን እንደምትሠሩ ለዩ

ቢት (ዘፋኝ የሚዘፍንበትን አጃቢ ሙዚቃ) ብቻ ለሚሠራ ሰው ማይክ ምንም አያደርግለትም። ላፕቶፕ፣ ሄድፎንና ሶፍትዌር ካለው ይበቃዋል። ጊታር እየመታ የሚዘፍን ሰው ግን ማይክና ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ሳጥን) ያስፈልጉታል። ድራምን ጨምሮ ሙሉ ባንድ በአንዴ መቅዳት የሚፈልግ ደግሞ 8 ወይም ከዚያ በላይ የማይክ መግቢያ ያለው ኢንተርፌስ ይሻል። ይህኛው ለጀማሪ ከባድ ስለሆነ ቢቆይ ይሻላል።

ወረቀት አውጡና አሁን ልትሠሩት የምትፈልጉትን አንድ ዘፈን አስቡ። በውስጡ ምን ምን ድምፅ አለ? በማይክ የሚቀዳው የትኛው ነው? ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚፈጠረውስ? የግዢ ዝርዝራችሁ የሚወጣው ከዚህ መልስ ነው።

2. ያላችሁን ኮምፒውተር እዩ

8 ጊጋባይት ራም ለመጀመር ያስኬዳል፤ 16 ቢሆን ደግሞ ትንፋሽ ይሰጣል። ከራም እኩል የምመክረው ኤስኤስዲ ዲስክ ነው። በአሮጌው ዓይነት ዲስክ ላይ ከባድ የፒያኖ ወይም የኦርኬስትራ ድምፅ ለመክፈት ስትጠብቁ ዜማው ከጭንቅላታችሁ ይጠፋል።

ኮምፒውተር የሌለው ሰውም መንገድ አለው። ባንድላብ በስልክም በብሮውዘርም በነፃ ይሠራል። ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ሞባይልም አለ። በስልክ ሙሉ ዘፈን መጨረስ ይቻላል፤ ብቻ ጣት ሰፋ ያለ ሰው ትንሽ ይናደዳል።

3. ሶፍትዌር ምረጡ

ሙዚቃ የሚቀዳበት፣ የሚቀናበርበትና የሚቀላቀልበት ሶፍትዌር በሙያተኞቹ ዘንድ «ዳው» ይባላል። ታዋቂዎቹ ሁሉ ዋናውን ሥራ ይሠራሉ። ከአንዱ የወጣ ዘፈን ከሌላው ከወጣው በጆሮ አይለይም። ልዩነቱ አሠራራቸው ላይ ነው፤ ማለትም እጃችሁና አእምሯችሁ የትኛውን ቶሎ ይለምደዋል የሚለው ላይ።

ጋራዥባንድ ማክ፣ አይፎን ወይም አይፓድ ላለው ሰው በነፃ የሚገኝ ነው። ሥራችሁ ሲሰፋ ፕሮጀክቱን እንዳለ ታላቅ ወንድሙ በሆነው ሎጂክ ፕሮ ላይ መክፈት ትችላላችሁ። ሎጂክ ዊንዶውስ ላይ አይሠራም። ማክ ያለው ሰው ከእነዚህ ሁለቱ ውጭ ባያማትር አልፈርድበትም።

ኤፍ ኤል ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1997 «ፍሩቲ ሉፕስ» ተብሎ የወጣ የቤልጅየም ሥራ ነው። ድራምን በሳጥን በሳጥን እየነኩ መደርደር፣ ዜማን በፒያኖ ሮል (ኖታዎች በሚደረደሩበት ገጽ) መሳል እጅግ ይመቻል። ቢት የሚሠሩ ልጆች የሚወዱትም ለዚህ ነው። አንዴ የገዛው ሰው የሚቀጥሉትን ማሻሻያዎች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያገኛል። የሙከራው እትም ግን አንድ ነገር አለበት፦ ፕሮጀክቱን ታስቀምጣላችሁ፣ ነገር ግን ሳትገዙ መልሳችሁ ልትከፍቱት አትችሉም። ስለዚህ በሙከራው እትም የጀመራችሁትን በዚያው ቀን ጨርሳችሁ በድምፅ ፋይል አውጡት።

ኤብልተን ላይቭ ከበርሊን እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ነው። ለየት የሚያደርገው «ሴሽን» የሚባለው ገጹ ነው። ትንንሽ የሙዚቃ ቁርጥራጮችን ደርድራችሁ፣ ሙዚቃው ሳይቆም እያስገባችሁና እያስወጣችሁ ትጫወታላችሁ። ላፕቶፕ ይዞ መድረክ መውጣት ለሚያምረው እንዲሁም ሐሳብን በሙከራ ለሚያገኝ ሰው ይስማማል። ላይቭ ላይት የሚባለው ትንሹ እትም ከብዙ ኪቦርዶችና ኢንተርፌሶች ጋር አብሮ ይሰጣል። የትራክ (የእያንዳንዱ ድምፅ መስመር) ቁጥሩ ውሱን ነው፤ ለመልመጃ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ሪፐር ቀላል ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሮጣል። ለ60 ቀን ምንም ሳይቆለፍበት ትሞክሩታላችሁ። ድምፅ ለመቅዳትና ለማረም ግሩም ነው። ጉድለቱ አብረውት የሚመጡ የሙዚቃ መሣሪያ ድምፆች የሉትም ማለት ይቻላል። ድራሙን፣ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩን (በኤሌክትሮኒክስ ድምፅ የሚፈጥረውን መሣሪያ) ከሌላ ቦታ በፕለጊን፣ ማለትም ዳው ውስጥ በሚጨመር ትንሽ ሶፍትዌር፣ ታመጡለታላችሁ። ቫይታልና ሰርጅ ኤክስቲ የሚባሉት ሲንተሳይዘሮች በነፃ ስለሚገኙ ይህም አያስጨንቅም።

ፕሮ ቱልስ በትልልቅ ስቱዲዮዎች የተለመደ ነው። በቀረጻ ባለሙያነት መቀጠር የሚያስብ ሰው ቢያውቀው ይጠቅመዋል። ኢንትሮ የተባለው ነፃ እትም 8 የድምፅ ትራክ፣ 8 የመሣሪያ ትራክና 8 የሚዲ (ድምፅ ሳይሆን የኖታ መመሪያ የሚይዝ) ትራክ ይፈቅዳል። ቤቱ ሆኖ ቢት ለሚሠራ ግን ከዚህ እንዲጀምር አልመክረውም።

ፕለጊን ስታወርዱ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሎጂክና ጋራዥባንድ የሚቀበሉት «ኤዩ» የሚባለውን ዓይነት ብቻ ነው። ፕሮ ቱልስ የራሱ «ኤኤኤክስ» አለው። ሌሎቹ በአብዛኛው «ቪኤስቲ» ይቀበላሉ። ፕለጊን ስትገዙ የእናንተ ዳው የሚቀበለው ዓይነት መሆኑን ሳታዩ አትክፈሉ።

ክራክ የተደረገውንስ? ተዉት። አብሮት ቫይረስ ሊገባ ይችላል። ኮምፒውተሩ ሲታደስ መሥራቱን ሊያቆም ይችላል፤ የወራት ሥራችሁም ተቆልፎ ሊቀር ይችላል። ነፃና ሕጋዊ አማራጭ በሞላበት ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?

ሁለት ላይ አጥብባችሁ መወሰን ካቃታችሁ፣ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ሥራ ሥሩ። 4 ባር (ምት የሚቆጠርበት ክፍል) ድራም ደርድሩ። ቤዝ ጨምሩበት። ድምፃችሁን በላፕቶፑ ማይክ ቅዱ። የተሳሳተውን ቆርጣችሁ አውጡ። መጨረሻ ላይ በድምፅ ፋይል አውጡትና በስልካችሁ አዳምጡት። እርዳታ ሳትፈልጉ የጨረሳችሁበት ያ የእናንተ ነው። ከመረጣችሁ በኋላ ጥቂት ዘፈን እስክትጨርሱ ወደ ሌላ አትዝለሉ።

4. መጀመሪያ ሄድፎን ግዙ

አንድ ነገር ብቻ ለመግዛት አቅም ካላችሁ ሄድፎን ይሁን። የማትሰሙትን ልታስተካክሉ አትችሉም።

ጆሮን ዙሪያውን የሚሸፍን፣ ጀርባው የተዘጋ ሄድፎን ለጀማሪ ይበልጥ ይጠቅማል። በሱ እያዳመጣችሁ ስትዘፍኑ ሙዚቃው ወደ ማይኩ አይፈስም። ጀርባው ክፍት የሆነው ለሚክሲንግ (ድምፆችን ለማመጣጠን) ደስ ይላል፤ ድምፁ ሰፋ ይላል። ግን ድምፅ ለመቅዳት አይሆንም። ሶኒ ኤምዲአር 7506 እና ኦዲዮ ቴክኒካ ኤም 50 ኤክስ ስቱዲዮ ውስጥ ዘወትር የሚታዩ የተዘጉ ሄድፎኖች ናቸው።

ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ብሉቱዝ አይሁን። ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ኪቦርዱን ስትነኩና ድምፁን ስትሰሙ አይገናኝም። ሁለተኛ፣ ቤዙ እንዲያንቀጠቅጥ ተብሎ የተሠራ ሄድፎን ያታልላችኋል። ቤዙ በዛ ብላችሁ ትቀንሳላችሁ፤ ሌላ ቦታ ሲከፈት ዘፈኑ ባዶ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ኦሙን (የኤሌክትሪክ መቋቋሙን) እዩ። አንዳንዱ ሞዴል በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሸጣል። 250ውን በላፕቶፕ ወይም በስልክ ብትሰኩት ድምፁ አንሶ ታገኙታላችሁ።

5. የምትቀዱ ከሆነ ኦዲዮ ኢንተርፌስ

ብዙ ሰው «ሳውንድ ካርድ» ይለዋል። ማይክና ጊታርን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ሳጥን ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው 2 መግቢያ ያለው ይበቃል። ስትገዙ እነዚህን አረጋግጡ፦ 48 ቮልት ለማይክ የሚሰጥ መሆኑን፣ ኤሌክትሪክ ጊታር በቀጥታ የሚሰካበት መግቢያ እንዳለው፣ ድምፃችሁን ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳያልፍ በሄድፎን የሚያሰማችሁ ማብሪያ እንዳለው፣ ዊንዶውስ ከሆናችሁ ደግሞ ኩባንያው የራሱን «አሲዮ» ድራይቨር (ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር) የሚያወጣለት መሆኑን።

ይህ የመጨረሻው ለምን? ኮምፒውተር ድምፅን የሚቀበለው እያጠራቀመ ነው። የሚያጠራቅመው መጠን «በፈር» ይባላል። በሰከንድ 44,100 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) ስትቀዱ በፈሩ 1024 ከሆነ ወደ 23 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል፤ ይህም ለመግቢያው ብቻ ነው፣ መውጫውም የራሱ አለው። ዘፋኝ ይህን ወዲያው ይሰማዋል። በፈሩን 128 ስታደርጉት ወደ 3 ሚሊ ሰከንድ ይወርዳል። ጥሩ ድራይቨር በዚህ ዝቅተኛ መጠን ድምፁ ሳይቆራረጥ ያሠራችኋል። ስትቀዱ በፈሩን ዝቅ፣ ሚክስ ስታደርጉ ከፍ አድርጉት።

ሌላው የጀማሪ ፈተና ድምፁን አጩሆ መቅዳት ነው። በ24 ቢት (የቀረጻ ጥራት መለኪያ ነው፤ ከላይ ያልነው የሙዚቃ ቢት አይደለም) ቅዱና ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች በ12 እና በ6 ዴሲቤል መካከል ይዋል። ዜሮን አልፎ የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ በደንብ አይጠገንም።

6. ማይክ ከክፍላችሁ ጋር ይታይ

ኮንደንሰር ማይክ ስስ ነው፤ ትንፋሻችሁንም፣ የጎረቤቱን ቴሌቪዥንም፣ ከባዶ ግድግዳ የሚመለሰውንም ድምፅ ይይዛል። 48 ቮልቱም የሚያስፈልገው ለሱ ነው። ዳይናሚክ ማይክ ከፊቱ ያለውን ነው በዋናነት የሚሰማው። ክፍላችሁ የሚያስተጋባ ወይም ጫጫታ ያለበት ከሆነ ዳይናሚክ ይሻላችኋል። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ያለው ሹር ኤስኤም 58 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቢወድቅም በቀላሉ አይሞትም።

በልብስ የተሞላ ቁም ሳጥን፣ ወፍራም መጋረጃና ፍራሽ ማስተጋባትን ያበርዳሉ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ስፖንጅ ግን የውጭ ድምፅ እንዳይገባ አያደርግም፤ ለዚያ ብላችሁ አትግዙት።

በዩኤስቢ በቀጥታ የሚሰካ ማይክም አለ። ብቻውን ለሚዘፍን ያለ ኢንተርፌስ ያሠራዋል። ሁለተኛ ማይክ ወይም ጊታር መጨመር ስትፈልጉ ነው መንገዱ የሚዘጋባችሁ።

7. ሚዲ ኪቦርድ

ራሱ ድምፅ የለውም። የትኛውን ቁልፍ፣ መቼና ምን ያህል አጥብቃችሁ እንደነካችሁ ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ለቢትና ለቤዝ 25 ቁልፍ ይበቃል። በሁለት እጅ ለመጫወት 49 ወይም 61 ይሁን። ፒያኖ የተማረ ካልሆነ በቀር 88 ቦታ ይፈጃል እንጂ አይጠቅምም። እስከዚያው የላፕቶፑ ፊደሎች እንደ ኪቦርድ ያገለግላሉ፤ አብዛኞቹ ዳዎች ይፈቅዳሉ።

8. ስፒከር ይቆይ

ስቱዲዮ ስፒከር ባልተዘጋጀ ትንሽ ክፍል ውስጥ ቤዙን ማዕዘን ላይ አጠራቅሞ ያሳስታችኋል። በጣም ርካሹን መግዛት ደግሞ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ጊዜው ሲደርስ 5 ኢንች ያህሉ ለትንሽ ክፍል ይበቃል። ሁለቱ ስፒከሮችና ጭንቅላታችሁ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ ያለችው ትንሿ ስፒከር ከጆሯችሁ ትይዩ ትሁን።

9. ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ

ማይክና ሄድፎን ያገለገለ ሲሆን ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ኢንተርፌስ ከሆነ ግን ከመሄዳችሁ በፊት የአምራቹን ድረ ገጽ ክፈቱና ለእናንተ ዊንዶውስ ወይም ማክ ድራይቨር እንዳለው እዩ። ድራይቨር የሌለው ኢንተርፌስ ቢያበራም ላይሠራ ይችላል። እያንዳንዱን መግቢያ ሰክታችሁ ሞክሩ፤ ማዞሪያዎቹን ስታዞሩ የሚንኮሻኮሽ ካለ አድምጡ። ኪቦርድ ከሆነ ሁሉንም ቁልፍ አንዴ ቀስ፣ አንዴ አጥብቃችሁ ንኩ።

ሻጩ «ሶፍትዌሩም አብሮት አለ» ካላችሁ፣ ፈቃዱ ወደ እናንተ ስም መዛወር ይችል እንደሆነ ገንዘቡን ሳትሰጡ ጠይቁ። ኮዱ አስቀድሞ በሻጩ ስም ተመዝግቦ ከሆነ ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።