የቆዩ ድራሞች፦ ሰብሳቢም ተጫዋችም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሃምሳና ስልሳ ዓመት ያስቆጠረ ድራም ሲገዛ፣ በዕድሜው ሙሉ ከደረሰበት ጉዳት ይልቅ አዲሱ ባለቤት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያደርስበት ሊከፋ ይችላል። ይህም የሚሆነው በክፋት ሳይሆን ለማደስና ለማሻሻል ከመጓጓት ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ክብደታቸው እኩል አይደለም። አንዳንዶቹ ገንዘብ ብቻ ያስከፍላሉ፤ ሌሎቹ ግን ፋብሪካው የሰጠውን ድምፅ ዳግም እንዳይመለስ አድርገው ያጠፉታል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጣም የተለመደው ስህተት በባጁ (የፋብሪካውን ስም በያዘችው ትንሽ የብረት ሰሌዳ) ላይ ያለውን መለያ ቁጥር ብቻ አይቶ የምርት ዘመኑን መወሰን ነው። የአሜሪካው ድራም ፋብሪካ ሉድዊግ በ1960ዎቹ በባጆቹ ላይ ቁጥር ማተም ቢጀምርም፣ ባጆቹ በድራሞቹ ላይ የሚመቱት የግድ በቁጥራቸው ቅደም ተከተል አልነበረም፤ ስለዚህ አብረው የተሸጡ ሁለት ቶሞች (መካከለኛ መጠን ያላቸው ድራሞች) ቁጥራቸው እጅግ ተራርቆ ሊገኝ ይችላል። የተሻለው መንገድ ብዙ ምልክቶችን አንድ ላይ ማመሳከር ነው። የባጁ ቅርጽ አንዱ ምልክት ነው፤ የሌላው የአሜሪካ ፋብሪካ የግሬች ክብ ባጅ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ቆይቶ ስምንት ማዕዘን ባለው ተተክቷል። የቀፎው፣ ማለትም የድራሙ ክብ አካል፣ የውስጥ ቀለምም ይናገራል፤ ሉድዊግ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነጭ ይቀባ የነበረውን በኋላ በግልጽ ቫርኒሽ፣ በአሥርቱ ዓመታት መገባደጃ ደግሞ ነጠብጣብ ባለው ግራጫ ቀለም ለውጦታል፤ የዚያ ዘመን ግሬች ደግሞ በብርማ የውስጥ ቀለሙ ይታወቃል። በብዙ የ1960ዎቹ የሉድዊግ ድራሞች ውስጥ በቀይ ቀለም የተመታ የቀን ማኅተም ስለሚገኝ፣ ቆዳው እስኪነሣ ድረስ ስለ ዓመቱ አለመከራከር ይበጃል። ባጅ ከአንዱ ድራም ወደ ሌላው ሊዛወርም ይችላል፤ በአየር ማስወጫው ቀዳዳ አልፎ ባጁን የያዘው ትንሽ የብረት ቱቦ የመቧጨርና የመፈልቀቅ ምልክት ካለበት ጥርጣሬው ተገቢ ነው።

ዝነኛ የሆነው ሁሉ ብርቅ ነው ብሎ ማመንም ኪስ ያራቁታል። የቢትልስ ድራም ተጫዋች ሪንጎ ስታር የካቲት 9 ቀን 1964 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ጥቁር ኦይስተር ፐርል የሚባል የፕላስቲክ ልባስ የለበሰውን ሉድዊጉን ይዞ ከታየ በኋላ የፋብሪካው ሽያጭ በእጅጉ ስላደገ፣ የዚያ ዘመን ሉድዊግ በብዛት ተሠርቷል። ውድ የሚያደርገው ብርቅነቱ ሳይሆን ፈላጊው መብዛቱ ነው። በዝና ከእሱ በታች የሆኑት የስሊንገርላንድ፣ የሮጀርስና የፕሪሚየር ድራሞች ብዙ ጊዜ በአነስተኛ ዋጋ የሚገኙ ሲሆን፣ እኔ በሥራ ጥራት አንዳቸውንም ከሉድዊግ አላሳንስም።

አሁን ወደ ከባዱ ስህተት ልለፍ፤ እርሱም ቆዳው የሚያርፍበትን የቀፎ ጠርዝ እንደገና ማስቆረጥ ነው። የዘመናችን ድራሞች በአብዛኛው ወደ 45 ዲግሪ የተጠጋ ሹል ጠርዝ ስላላቸው ቆዳው እንጨቱን የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ነው፤ በዚህም ድምፁ ብሩህ ይሆናል፣ ረዘም ላለ ጊዜም ይቆያል። የ1960ዎቹ ሉድዊግና ስሊንገርላንድ ግን ጠርዛቸው ክብ ስለሆነ ቆዳው ሰፋ ያለ እንጨት ላይ ይተኛል፤ ብዙ ሰው የቆየ ድራም ሲያስብ በጆሮው የሚመጣለት ወፍራም፣ ሞቅ ያለና ቶሎ የሚሰበሰብ ድምፅም ከዚህ የሚመነጭ ነው። ከሜፕል፣ ከፖፕላርና ከማሆጋኒ ስስ ንብርብሮች የተሠራው፣ በጠርዙ በኩልም በውስጥ የማጠናከሪያ ቀለበት ያለው ባለ ሦስት ንብርብር ቀፎ ከዚህ ጠርዝ ጋር ተስማምቶ ይሠራል። ጠርዙ በማሽን ሲሾል በጉዳዩ ያልተጠየቀው ቀፎ የግድ አዲስ ድራም መምሰል ይጀምራል፤ የተላጨ እንጨት ደግሞ አይመለስም።

ጠርዙ በእርግጥ መበላሸቱን ማረጋገጥ የሚቻለው እንዲህ ነው። ቆዳዎቹን ሁለቱንም ያንሡና ቀፎውን ፍጹም ልሙጥ በሆነ ወፍራም መስተዋት ወይም እብነ በረድ ላይ ያስቀምጡት፤ ክፍሉን አጨልመው ቀፎው ውስጥ ባትሪ ያብሩ፤ ከዚያም ዝቅ ብለው ዙሪያውን ይመልከቱ። ከጠርዙ ሥር ብርሃን የሚያፈተልክበትን ቦታ በወረቀት ይፈትሹ፤ ወረቀቱ በጭንቅ የሚገባ ከሆነ ቆዳው ራሱ ስለሚያካክሰው መተው ይሻላል። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ፣ ወይም ጠርዙ ተሸርፎ ከሆነ፣ የተጎዳውን ቦታ ብቻ ሞልቶ የቀደመውን ክብ ቅርጽ የሚያስይዝ የቆዩ ድራሞችን የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጉ። የቀፎውን ስፋትም በተለያየ አቅጣጫ በሜትር ይለኩ፤ ልዩነቱ ጥቂት ሚሊሜትር ከሆነ ቀፎው ሞላላ ሆኗል ማለት ነውና፣ ይህ በጠርዝ ሥራ የሚድን ችግር አይደለም።

ከዚሁ ጋር የሚዛመድ ሌላ ስህተት አለ። ዛሬ የሚሠራ ቆዳ አልገባ ሲል ቀፎውን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ወይም ልባሱን ከላይ መቁረጥ የተለመደ ነው። ፕላስቲክ ቆዳ በሰፊው ገበያ ላይ የዋለው ከ1957 ገደማ ወዲህ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ቀፎዎች የተሠሩት ለጥጃ ቆዳ ነው፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ልባሳቸው ወፍራም የሆነ ድራሞች ጠበብ ያለ ቆዳ አይቀበሉም። የፕሪሚየር ጉዳይ ደግሞ ለየት ይላል፤ ይህ የእንግሊዝ ፋብሪካ እስከ 1960ዎቹ መገባደጃ ድረስ ይጠቀምበት የነበረው ልኬት ዛሬ ከተለመደው ትንሽ ሰፋ ይል ነበር። መፍትሔው በትእዛዝ በዚያው ልክ የሚሠራ ቆዳ መግዛት ነው፤ ለሌሎቹም የድራም ቆዳ አምራቹ አኳሪያን ለእንዲህ ያሉ ቀፎዎች ሰፋ አድርጎ የሚሠራው ቆዳ አለው።

ስለ መብሳት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ፋብሪካው ያልበሳው ቤዝ ድራም (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) አይበሳም። ቶሞቹን በቁም መያዣ ላይ ማንጠልጠል እየተቻለ ለዘመናዊ መያዣ ሲባል የሚከፈት ቀዳዳ ዋጋውን በእጅጉ ይጥላል።

ማጽዳት ከመጠን ሲያልፍም ስህተት ይሆናል። ነጭ የፐርል ልባስ በዘመን ብዛት ቢጫ ቢሆን ቢጫነቱ በላዩ ያለ እድፍ ሳይሆን የግልጹ ንብርብር ለውጥ ነው፤ ቡሎን የሚገባበትን የብረት መያዣ ቢፈቱ ብርሃን ያልደረሰበት የመጀመሪያው ቀለም ከሥሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በመጠኑ የራሰ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጥንቃቄው ከፀሐይ መከለል ነው። ሱፕራፎኒክ የሚባለው የሉድዊግ ስኔር (ከሥሩ ሽቦ የተወጠረበት ድራም) በአብዛኛው በአሉሚኒየም ላይ ክሮም የተለበጠ ስለሆነ የሚወጣበት ጉድጓድ ጉድጓድ ነጠብጣብ በማሸት አይጠፋም፤ እንዲያውም የቀረውን ክሮም ይልጠዋል። ሲምባል በኬሚካል ሲወለወል ደግሞ በዘመን የያዘው ቀለም ይጠፋል፣ በላዩ የታተመው ጽሑፍም አብሮ ሊለቅ ይችላል። እስከ 1970ዎቹ መገባደጃ በኢስታንቡል ይሠሩ የነበሩ የኬ ዚልጂያን ሲምባሎችን እንዲህ ያበራ ሰው በገዛ እጁ ዋጋቸውን ቀንሷል። ሲምባል ሲገዙ ከማብረቁ ይልቅ ጠርዙን በጥፍር ዳብሰው ስንጥቅ ይፈልጉ፤ የመሐሉ ቀዳዳ ወደ አንድ ጎን ተበልቶ እንደሆነም ይዩ።

በመጨረሻ ተጫዋቹን የሚመለከት ስህተት አለ፤ ይህም ድራሙን እንደ አዲስ ማጥበቅና እንደ አዲስ መዳኘት ነው። የቆዩ የዚንክ ቅልቅል የቡሎን መያዣዎች ሲወጠሩ ሊሰነጠቁ ይችላሉ፤ ሮጀርስ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ይጠቀምባቸው የነበሩት ቀጫጭን የናስ መያዣዎች በተለይ በዚህ ስለሚታወቁ፣ ከመግዛትዎ በፊት በማጉያ መነጽር ቢመረምሯቸው ይበጃል። ሲያስተካክሉ አንድ ንብርብር ያለው ነጭ ቅብ ቆዳ ይልበስ፤ ቡሎኖቹ በሙሉ በጣት ከጠበቁ በኋላ በድራም ቁልፍ ፊት ለፊት የሚተያዩትን እያፈራረቁ ጥቂት ጥቂት ያዙሩ፤ ቀፎው ራሱ መናገር በጀመረበት ዝቅተኛ ውጥረት ላይም ያቁሙ። በውስጥ ያለውን የጨርቅ ማፈኛ ነቅለው አይጣሉት፤ ማላላት ብቻ ይበቃል። ጥቂት ቀን ተጫውተውበት ድምፁ ካልጣመዎት ይሽጡት፤ ቀፎው ስላልተነካ ቀጣዩ ገዢ ያለ ቅሬታ ይወስደዋል።