ዳሩን ሳያዩ መሀሉን መጠበቅ፦ ጫካ አጠገብ ፍራፍሬ የሚያለሙ ሰዎች ስህተቶች

ትልቁን ስህተት ላስቀድም፤ መሀሉን ብቻ መፈተሽ። ስንት ጊዜ እንዳየሁት! "ማሳው ንጹሕ ነው" ይሉኛል። ዳሩስ? ዝም። ከጫካ የሚመጣ ተባይ መጀመሪያ የሚያርፈው ጫካውን በሚዋሰኑት ረድፎች ላይ ነው። ጋሻ የመሰለ ጀርባ ያላቸውን፣ ሲነኳቸው የሚሸቱ መጣጭ ነፍሳት ልብ በሉ። የዱር ዛፎች ላይ ይራባሉ፣ ከዚያ ወደ ዳር ረድፎች ይሻገራሉ። የወጉት ፍሬ ለጊዜው ጤነኛ ይመስላል። ስርጉዱ የሚወጣው ቆይቶ ነው። አንድ አልሚ ለወር ያህል መሀል መሀሉን ሲፈትሽ ከርሞ ነበር። ከዳር ረድፍ ያለ አፕል ቀጥፌ ብልጠው ከቆዳው ሥር ቡሽ መስሏል። ወደ ውስጥ ስንዘልቅ ጉዳት የለም። ስለዚህ ፍተሻው ከዳር ይጀምር፤ ወጥመዱም እዚያው ይሰቀል።

የወደቀ ፍሬ ጫካው ጥግ መጣል። ይህን እኔም አድርጌዋለሁ። ከማሳው ካወጣሁት ተገላገልኩ ብዬ ነበር። የፍራፍሬ ዝንብ ትል ግን ከፍሬው ወጥቶ አፈር ውስጥ ይገባል፤ ክንፍ አውጥቶ ተመልሶ ይመጣል። ለካ እዚያው ጎረቤት እያራባሁት ነበር። አሁን ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ ቆፍሬ እቀብረዋለሁ፣ ወይም በጥቁር ፕላስቲክ ጥብቅ አድርጌ አስሬ ፀሐይ ላይ አቆየዋለሁ።

ሜቲል ዩጂኖል የሚባል የፍራፍሬ ዝንብ መሳቢያ ኬሚካል ያለበት ወጥመድ ሰቅሎ መተኛትም አለ። የሚስበው ወንዶቹን ነው፤ እንቁላል የምትጥለው ሴቷ ናት።

"እንግዲያው ጫካውን ልመንጥረው" የሚሉም አሉ። እባካችሁ ተዉት። ተባዩን የሚያጠቁት ጥገኛ ተርቦች፣ ሸረሪቶችና ወፎች፣ አበባችሁን የሚያዳቅሉት ንቦች ጭምር መጠለያቸው እዚያ ነው። ድንበሩ ላይ ተባዩ የሚራባባቸውን ቁጥቋጦዎች ለይታችሁ አንሱ። ለምሳሌ ድሮሶፊላ ሱዙኪ የምትባለው ዝንብ ለስላሳ የዱር ፍሬዎች ላይ ተራብታ ነው ወደ እናንተ የምትመጣው።

ችግሩ ዳር ላይ ሆኖ ሳለ ማሳውን በሙሉ መርጨትም ሌላ ጣጣ ያመጣል። መድኃኒቱ የተባዩን ጠላቶች አብሮ ይፈጃል፤ ከዚያ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ቅጠል መጣጭ ተባይ ያለ ከልካይ ይፈላል። መርጨት ግድ ከሆነ የዳር ረድፎቹን ብቻ እርጩ። ረጭታችሁም አትራቁ፤ መድኃኒቱ ኃይሉ ሲደክም ከጫካው አዲስ ይገባል፣ እነዚያኑ ረድፎች ደግማችሁ እዩ።