ሪፖርት ውስጥ ያለ ሪፖርት ከማን ጋር ይያያዛል?

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አካባቢ የአንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሒሳብ እይዛለሁ። መዝገባችን ማይክሮሶፍት አክሰስ የሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ላይ ነው። ሦስት ቴብል (ሰንጠረዥ) አለው፦ አስጋሪ፣ ርክክብ፣ ዝርዝር። አስጋሪው ጠዋት ሲያስረክብ አንድ ርክክብ ይመዘገባል። ስንት ኪሎ ቆሮሶ፣ ስንት ኪሎ አምባዛ የሚለው ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል።

የመጀመሪያውን የወር ሪፖርት ሳትም ጉድ ፈላ። እያንዳንዱ አስጋሪ ስር የማኅበሩ ዓሣ በሙሉ ተደርድሯል። አንድ አዛውንት ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው "ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ካሰገርኩ ክፈይኛ!" አሉኝ።

ጥፋቱ የኔው ነበር። ሰብሪፖርቱን፣ ማለትም ሪፖርት ውስጥ የሚገባውን ሪፖርት፣ ጎትቼ አስቀመጥኩት እንጂ ከዋናው ጋር አላያያዝኩትም።

ከውስጥ ጀምሩ። መጀመሪያ የዝርዝሩን ሪፖርት ለብቻው ሠርታችሁ ክፈቱት። ከዚያ የርክክቡ ሪፖርት ውስጥ፣ ዲቴይል የሚለው ክፍል ላይ አስገቡት። የርክክቡን ሪፖርት ደግሞ የአስጋሪው ውስጥ። ዲዛይን ቪው (ሪፖርቱ የሚሠራበት ገጽታ) ላይ የሰብሪፖርቱን ጠርዝ አንዴ ብቻ ተጫኑ፤ ሁለቴ ከነካችሁት የውስጡን ሪፖርት ነው የምትመርጡት። ኤፍ 4 ስትጫኑ ፕሮፐርቲ ሺት (የቅንብር ዝርዝሩ) ይከፈታል። ዳታ በሚለው ታብ ስር ሊንክ ማስተር ፊልድስ እና ሊንክ ቻይልድ ፊልድስ አሉ። ዝርዝሩን ከርክክቡ ለማያያዝ ሁለቱም ላይ የርክክብ መለያውን ጻፉ፤ ርክክቡን ከአስጋሪው ለማያያዝ ደግሞ የአስጋሪ መለያውን።

እኔን ግማሽ ቀን የፈጀብኝ እዚህ ላይ ነው። ዝርዝሩን በቀጥታ ከአስጋሪው ላያይዘው ስል፣ አክሰስ "ኢንተር ፓራሜተር ቫልዩ" (ዋጋ አስገቢ) የሚል ሳጥን እያወጣ ነዘነዘኝ። ለካ ዝርዝር ቴብል ውስጥ የአስጋሪ መለያ የሚባል ነገር የለም! ልጅ የሚያውቀው አባቱን ነው፤ አያቱን አባቱ ያገናኘዋል። የፊልዱን (የቴብሉን ዓምድ) ስም በአንድ ፊደል ብትስቱም ያው ሳጥን ይመጣል። መለያው ወረቀቱ ላይ መታየቱ ግድ አይደለም፣ ሪፖርቱ ዳታ በሚያመጣበት ኩዌሪ (መጠይቅ) ውስጥ ግን መኖር አለበት።

በስም አታያይዙ። እኛ ጋ ስማቸው ከነአባታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች አሉ፤ የአንዱ ዓሣ ለሌላው ሊቆጠር ነው። መለያው በዋናው ቴብል አውቶ ነምበር (አክሰስ ራሱ የሚሰጠው ቁጥር) ከሆነ፣ በልጁ ቴብል ነምበር፣ መጠኑም ሎንግ ኢንቲጀር ይሁን።

የሰብሪፖርት ፔጅ ሄደር (የገጽ ራስጌ)፣ ሰብሪፖርቱ ዋናው ውስጥ ሲገባ አይታተምም። "ዓይነት፣ ኪሎ፣ ዋጋ" የሚሉትን ርዕሶች ሪፖርት ሄደር ላይ አድርጉ።

መረቡ ተቀዶበት ወሩን ሙሉ ያላሰገረ ሰው ካለ፣ ዋናው ሪፖርት ላይ ያለው ድምር ኤረር ይላል። ሃዝ ዳታ (HasData) በሚለው ዳታ መኖሩን እየጠየቃችሁ፣ ዳታ ካለ ድምሩን፣ ከሌለ ዜሮ እንዲያወጣ በአይ አይ ኤፍ (IIf) ፎርሙላ ጻፉለት። አዛውንቱ በዚያ ወር ዜሮ ሲወጣላቸው ምንም አላሉኝም።