የተከታታይ ልብወለድ ሽፋን ይቀየር ወይስ ይቆይ? ውሳኔው ላይ እንዴት እንደሚደረስ

ሦስት ክፍል ያለው ልብወለዴ ለሁለት ዓመት ያህል ከተሸጠ በኋላ የሦስቱንም ሽፋን አስቀየርኩ። ያስቀየርኩት ሽፋኖቹ ጥፋት ስለነበረባቸው ሳይሆን እኔ ስለሰለቸኋቸው ነበር። ደራሲ የራሱን ሽፋን ሌት ተቀን ሲያየው ይከርማል፤ አዲስ አንባቢ ግን ገና ዛሬ ነው የሚያየው። አዲሶቹ አምረው ወጡ፤ ሽያጩ ግን ንቅንቅ አላለም። በራስዎ ወጪ የሚያሳትሙ ከሆነ ዲዛይነር ከማነጋገርዎ በፊት የመጀመሪያውን እርምጃ በትዕግሥት ይሥሩት።

1. አንባቢው የቱ ጋ እንደሚቀር ይለዩ

አንባቢ ሦስት ደጃፎችን ያልፋል። በመጀመሪያ በኢንተርኔት መሸጫው ላይ ትንሿን የሽፋን ምስል አይቶ ይጫናታል። ቀጥሎ መግለጫውንና የናሙና ገጾቹን አንብቦ ይገዛል ወይም ይተዋል። በመጨረሻ አንደኛውን ክፍል ጨርሶ ሁለተኛውን ይፈልጋል። ሽፋን ከሁሉ በላይ የሚሠራው በመጀመሪያው ደጃፍ ነው።

ማስታወቂያ የሚያሠሩ ከሆነ ማስታወቂያውን ካዩት ስንቱ እንደተጫኑት፣ ከተጫኑትም ስንቱ እንደገዙ ይመዝግቡ። ከዚያ የሁለተኛውን ክፍል ሽያጭ ለአንደኛው ያካፍሉ። አንደኛው 200፣ ሁለተኛው 30 ቅጂ ከተሸጠ፣ ከመቶ 15 ሰው ብቻ ቀጥሏል ማለት ነው። በነጻ የታደሉትን አይቁጠሩ፤ ብዙዎቹ ሳይነበቡ ይቀራሉ። የአንድ ወር ቁጥርም አያስተማምንም፤ አንደኛውን አንብቦ ለመጨረስ ጊዜ ይወስዳልና የስድስት ወሩን ይያዙ።

የእኔ ችግር ሦስተኛው ደጃፍ ላይ ነበር። ሰዎች ይጫኑ ነበር፤ ይገዙም ነበር። ነገር ግን የአንደኛው ክፍል መጨረሻ ሁሉን ነገር ዘግቶ ለሁለተኛው ጥያቄ ስላላስተረፈ አይቀጥሉም ነበር። ለአርታኢ መክፈል የነበረብኝን ገንዘብ ለሽፋን ከፈልኩ። እርስዎም እዚህ ላይ ከሆኑ ሽፋኑን ይተዉትና ወደ ታሪኩ ይመለሱ።

ለመለየት የሚያስቸግረው ብዙ ሰው ተጭኖ ጥቂት ሰው ሲገዛ ነው። ጥፋቱ የመግለጫው ሊሆን ይችላል፤ ሽፋኑ የሌላ ዓይነት መጽሐፍ ተስፋ ሰጥቶ ሊሆንም ይችላል። የተቃቀፉ ጥንዶች ያሉበት ሽፋን የፍቅር ታሪክ ፈላጊውን ይጠራዋል፤ መግለጫው ስለ ግድያ ምርመራ ሲነግረው ተመልሶ ይሄዳል፤ የወንጀል ልብወለድ ወዳዱ ደግሞ ከመነሻውም ዞር ብሎ አላየውም። ይህን ለማጣራት መጽሐፉን ላላነበቡ ሰዎች ሽፋኑን ብቻ ያሳዩ። «ያምራል?» ብለው አይጠይቁ፤ ወዳጅ ሁልጊዜ ያምራል ይላል። «ውስጡ ምን ዓይነት ታሪክ ያለ ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከዘውጉ ከራቀ ሽፋኑ መቀየር አለበት፤ እዚህ ላይ አያመንቱ።

2. አሳንሰው ከአቻዎቹ ጋር ያስተያዩ

በዚያው ዘውግ በቅርቡ የወጡ 20 ያህል ሽፋኖችን ሰብስበው የእርስዎን መሐላቸው ያስገቡ፤ ሁሉንም የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ያሳንሱ። ርዕሱ ይነበባል? የእርስዎ ተከታታይ ክፍሎች የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸው ያስታውቃል? በእኔ እምነት አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳፍረው ሥዕሉ ሳይሆን የፊደሉ አጣጣል ነው። እንደዚያ ከሆነ ሥዕሉን አስቀርተው ፊደሉን ብቻ ማሠራት ይበቃል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥዕል ማውጣትን ለተከታታይ ሥራ አልመክርም። የባለታሪኩ ፊት ከክፍል ክፍል ሊለዋወጥ ይችላል። አማዞንን የመሰለ አሳታሚ መድረክም መጽሐፉን ሲጭኑ ይህን እንዲያሳውቁ ይጠይቃል።

3. የሁሉንም ክፍል ወጪ ደምረው ይወስኑ

የአንዱን ብቻ ቀይሮ ሌሎቹን መተው ከሁሉም የከፋ ነው፤ አንባቢው ቀጣዩን ክፍል አይቶ አያውቀውም። ስለዚህ አቅምዎ ለሁሉም ካልበቃ እስኪበቃ ይጠብቁ።

የታተመ መጽሐፍ ካለዎት በመደርደሪያ ሲቆም የሚታየው ጠባብ ጎን ስፋቱ በገጹ ብዛት ይወሰናል። ለምሳሌ በአማዞን ክሬም ወረቀት 300 ገጽ 0.75 ኢንች፣ ማለትም 19 ሚሊሜትር ይሆናል፤ የነጩ ወረቀት ከዚህ ይሳሳል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ልክ ስላለው ዲዛይነሩ አንዱን ለሁሉም እንዳይገለብጥ ይቆጣጠሩ። ሽፋን ብቻ ሲቀየር አዲስ አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) አያስፈልግም፤ ርዕስ ከተቀየረ ግን ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ክፍል ገና ካልወጣ፣ ቀደም ያሉትን ገዝተው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። እነሱ መደርደሪያቸው ላይ የማይመሳሰል መጽሐፍ እንዲያኖሩ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም፤ የታተመውን በድሮው መልክ ይጨርሱላቸው።

4. ሲቀይሩ ሽፋኑን ብቻ ይቀይሩ

ዋጋውንና መግለጫውን ለስምንት ሳምንት ያህል አይንኩ፤ አለበለዚያ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። የድሮዎቹን ፋይሎችም አያጥፉ፤ አዲሱ ከቀድሞው ያነሰ ከሸጠ የሚመለሱት ወደ እነርሱ ነው።