ለቤተሰብ ትሬይለር ካምፕ ግራውንድ አመራረጥ፦ ከስሙ በፊት ሳይቱን እዩ

ሸንንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ለዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነዋሪ ቅርብና ያማረ ቦታ ነው። ሆኖም ፓርኩ ውስጥ ያሉት ካምፕ ግራውንዶች ከትሬይለር ጋር የሚገናኝ መብራት፣ ውሃና ፍሳሽ የላቸውም። በጁላይ ሙቀት ያለ ኤር ኮንዲሽነር ሕፃንና አያት ይዞ ሦስት ሌሊት ማደር ከባድ ነው። ብዙ ቤተሰብ ታዲያ ከፓርኩ ወጣ ብሎ ሉሬይ ከተማ ዙሪያ ወዳሉት የግል ካምፕ ግራውንዶች ያቀናል። እዚያ ኬኦኤም አለ፣ ጄሊስቶንም አለ፤ ሁለቱም በአንድ ስም በብዙ ቦታ የሚገኙ ካምፕ ግራውንዶች ናቸው። «የቱ ይሻላል?» ብሎ ሳይቱን (ትሬይለሩ የሚቆምበትን ቦታ) ሳያይ በስም ብቻ የሚመርጥ ግን አንዳንዴ ይሳካለታል፣ አንዳንዴ በሐዲድ ዳር ያድራል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኬኦኤ በ1962 ሞንታና ውስጥ ቢሊንግስ ከተማ የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ በአሜሪካና በካናዳ ከ500 በላይ ቦታዎች አሉት። አብዛኞቹን የሚያስተዳድሯቸው ስሙን በውል ተከራይተው የሚሠሩ ግለሰቦችና ቤተሰቦች ናቸው። ቢጫው ምልክት አንድ ነው፤ ሽንት ቤቱን የሚያጸዳው፣ የተበላሸውን ሶኬት የሚቀይረው ባለቤት ግን በየቦታው ይለያያል። ጄሊስቶንም በ1969 ዊስኮንሲን ውስጥ ስተርጅን ቤይ ከተጀመረ ወዲህ በዚሁ መንገድ ነው የተስፋፋው።

ስሙ ጨርሶ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ኬኦኤ ቦታዎቹን በሦስት ደረጃ ይከፍላል። ጀርኒ የሚባሉት ለአውራ ጎዳና ቅርብ ናቸው፤ ረጃጅም፣ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው የሚወጣባቸው ሳይቶች አሏቸው። ለአንድ ሌሊት አዳር እንጂ ልጆችን ለሦስት ቀን ለማጫወት አልታሰቡም። ሆሊዴይ የሚባሉት ለሁለትና ለሦስት ቀን ይመቻሉ፤ ካቢንም ስላላቸው ትሬይለር ውስጥ መተኛት የሚያስቸግራቸውን እናት ወይም አባት እዚያ ማሳደር ይቻላል። ሪዞርት የሚባሉት መዋኛና የተዘጋጀ የልጆች መርሐ ግብር ያላቸው፣ ዋጋቸውም ከፍ ያለ ነው። ጄሊስቶን ከመጀመሪያውም የተሠራው ለልጆች ነው፦ የውሃ መንሸራተቻ፣ ጨዋታ፣ የካርቱኑን የዮጊ ድብ ልብስ የለበሰ ሰው። ልጆቻችሁ ከ4 እስከ 11 ዓመት ከሆኑ ይወዱታል። ጸጥታ ፈልጋችሁ ከሆነ ግን አትሂዱበት። ታውዛንድ ትሬይልስ ደግሞ በዓመት ክፍያ የሚኬድበት የአባልነት አሠራር ነው። አባል መሆን በፈለጋችሁት ቅዳሜ ቦታ ለማግኘት ዋስትና አይሰጥም። በዓመት ሦስት ጊዜ ብቻ ለሚወጣ ቤተሰብ ሒሳቡ አይወጣም፤ ክፍያውን በእርግጥ በምታድሩባቸው ሌሊቶች ብዛት አካፍላችሁ እዩት።

መብራት፦ ሰው የሚሳሳትበት ዋናው ነገር

የሳይቱ የመብራት ሳጥን 30 አምፕ ወይም 50 አምፕ ይሆናል። ልዩነቱ 20 አምፕ ብቻ ይመስላል፤ እንዲያ አይደለም። 30 አምፕ አንድ የ120 ቮልት መስመር ስለሆነ 3,600 ዋት ይሰጣል። 50 አምፕ ግን ሁለት የ120 ቮልት መስመሮች ስላሉት እስከ 12,000 ዋት ይደርሳል። ሦስት እግር ያለው ስፒና 30 ነው፤ አራት እግር ያለው 50።

አብዛኞቹ መካከለኛ ትሬይለሮች 30 አምፕ ናቸው። አሁን የእኛን ቤት አጠቃቀም አስሉ። ኤር ኮንዲሽነሩ ሲሠራ 13 አምፕ አካባቢ ይወስዳል። የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ከሆነ ወደ 12። 1,500 ዋት የኤሌክትሪክ ምጣድ 12.5። ሦስቱ ሲደመሩ 37 አልፏል፤ ብሬከሩ ይወርዳል፣ የተጋገረውም ምጣዱ ላይ ይቀራል። መፍትሔው የውሃ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ ማዞር፣ ምጣዱን ደግሞ ውጭ አድርጎ ሳጥኑ ላይ ካለው ለብቻው ብሬከር ካለው የ20 አምፕ ሶኬት ላይ መሰካት ነው። ለዚህ ቀጭን ኤክስቴንሽን አይሆንም፤ ውፍረቱ 12 ጌጅ የሆነ፣ ለውጭ የተሠራ ገመድ ያስፈልጋል። (እንጀራውን ቤት ጋግሮ ይዞ መሄድ ከሁሉም ይቀላል፤ ግን ምጣድ የሚጭን ሰው መኖሩን እናውቃለን።)

የእናንተ ትሬይለር 30 አምፕ ቢሆንም 50 አምፕ ያለበትን ሳይት በአዳፕተር መጠቀም ይቻላል። የትሬይለሩ ዋና ብሬከር 30 ላይ ስለሚቆርጥ ትሬይለሩ ከዚያ በላይ አይስብም። ጥቅሙ የ50ው ሶኬት ብዙ ጊዜ ያልተጎዳ መሆኑ ነው። የ30 አምፕ ሶኬት በየቀኑ ሲሰካና ሲነቀል ይላላል፤ የላላ ሶኬት ይግላል፤ የጋለ ሶኬት ስፒናችሁን ያቀልጣል።

ሁለተኛው ችግር የቮልቴጅ መውረድ ነው። መስመሩ ያረጀ ካምፕ ግራውንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም ኤር ኮንዲሽነር ሲከፍት 120 መሆን ያለበት ቮልት ወደ 105 እና ከዚያም በታች ይወርዳል። ቮልቱ ሲቀንስ የኤር ኮንዲሽነሩ ሞተር የሚስበው አምፕ ይጨምራል፣ ይግላል፣ በጊዜ ሂደት ይቃጠላል። ስለዚህ ቮልት ሲወርድ ራሱ የሚቆርጥ መከላከያ ግዙ። መብረቅን ብቻ የሚከላከለው ርካሹ ዓይነት ለዚህ አይረዳም።

የሳይቱ ርዝመትና አቀማመጥ

ትሬይለሩ ላይ 26 ተብሎ የተጻፈ ቁጥር እውነተኛ ርዝመቱ ላይሆን ይችላል፤ የመጎተቻው ብረትና የኋላ መከላከያው ሲጨመሩ ብዙ ጊዜ 30 ጫማ ይደርሳል። በጫማ ለኩትና ጻፉት። ፒክአፑ ወደ 20 ጫማ ስለሆነ ሳትፈቱት የምታድሩ ከሆነ ከ50 እስከ 55 ጫማ የሚሆን ሳይት ያስፈልጋል። ፈትታችሁ የምታቆሙ ከሆነ ትሬይለሩን የሚችል ሳይት ይበቃል፤ ፒክአፑ የት እንደሚቆም ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው የሚወጣበት ሳይት ለጀማሪና ማታ ለሚደርስ ሰው ዋጋ አለው። ዓርብ ከሥራ በኋላ ተነስቶ በ66 መንገድ ላይ የተጨናነቀ ሰው ሉሬይ የሚደርሰው ጨልሞ ነው። በጨለማ ትሬይለር ወደኋላ እየገፉ፣ ልጅ እያለቀሰ፣ ጎረቤት በመስኮት እያየ የሚደረግ ነገር ትዳር ይፈትናል። ቦታው ሰፍቶ በቀን የምትደርሱ ከሆነ ግን ወደኋላ የሚገባበት ሳይት ይሻላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመንገዱ ራቅ ይላል፣ ዛፍም አለው፣ ዋጋውም ይቀንሳል።

ሳይት ቁጥር ከመምረጣችሁ በፊት የካምፕ ግራውንዱን ካርታ ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያዩ። የምትፈልጉት አምስት ነገር ነው፦ የባቡር ሐዲድ፣ አውራ ጎዳና፣ የቆሻሻ ገንዳ፣ የፍሳሽ መድፊያ ጣቢያ፣ ሻወር ቤት። ከሻወር ቤቱ ከሁለትና ከሦስት ሳይት በላይ አትራቁ፣ ግን አጠገቡም አትሁኑ፤ ሌሊቱን ሙሉ በር ይንኳኳል። ከመዋኛው ፊት ለፊት ያለው ሳይት ትንንሽ ልጆች ላሉት አይመከርም። ብዙዎቹ መዋኛዎች ነፍስ አዳኝ ጠባቂ የላቸውም፤ ኃላፊነቱ የወላጅ ነው።

ውሃና ፍሳሽ

መብራትና ውሃ ብቻ ያለው ሳይት ፍሳሽም ከተጨመረበት ከሙሉ መስመሩ ይረክሳል። ለአምስት ሰው ቤተሰብ ግን ሒሳቡን ሥሩ። የእጣቢ ውሃው ታንክ 30 ጋሎን ቢሆንና አንድ ሰው ለሻወር 5 ጋሎን ቢጠቀም በአንድ ማታ 25 ጋሎን ሄደ። የዕቃ እጥበቱ ሲጨመር በማግሥቱ ጠዋት ሞልቶ ከሻወሩ ወለል ይመለሳል። ወይ ሙሉ መስመር ያለውን ያዙ፣ ወይ ሁሉም በካምፕ ግራውንዱ ሻወር ይታጠብ። እሑድ ከረፋዱ አምስት ሰዓት አካባቢ የመድፊያ ጣቢያው ላይ ረጅም ሰልፍ እንደሚጠብቃችሁም አትርሱ።

ሙሉ መስመር ያገኘ ሰው የሚሠራው ስሕተት የሽንት ቤቱን ታንክ ቫልቭ ከፍቶ መተው ነው። ፈሳሹ ይሄድና ደረቁ ታንኩ ውስጥ ይቆለላል፤ ከዚያ በቀላሉ አይወጣም። ዝግ ይሁን፤ ቢያንስ ከግማሽ በላይ ሲሞላ መጀመሪያ እሱን ድፉ፣ ቀጥሎ የእጣቢውን ልቀቁ፣ የፍሳሹን ጎማ (ቱቦ) ያጥብላችኋል። የወጥ ድስት ቅባትም በወረቀት ሳይጠረግ ወደ ቧንቧ አይግባ፤ ታንኩ ውስጥ ይረጋና ሽታው ለወራት ይቆያል።

የውሃው ግፊት በየቦታው ስለሚለያይ ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ የሚቆጣጠር መቀነሻ በቧንቧው ላይ ግጠሙ፤ ያለሱ የትሬይለሩ ቀጭን ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ይፈነዳል። ለመጠጥ የተሠራ የውሃ ጎማ 25 ጫማ ሁለት፣ የፍሳሽ ጎማ 20 ጫማ ያዙ።

ዋጋውን በትክክል ለማወቅ

ድረ ገጹ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። ብዙ ቦታ ዋጋው ለሁለት ሰው ሲሆን ልጅ በነፍስ ወከፍ ይጨመራል። የመረጣችሁት ሳይት ቁጥር እንዳይቀየር የሚከፈል አለ፤ ግብር አለ፤ የሪዞርት ክፍያ የሚሉት አለ። በአንዳንድ ጄሊስቶን የውሃ መጫወቻው በእጅ አንባር ለብቻው ይከፈላል። እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ሄዳችሁ ድምሩን ሳታዩ አታወዳድሩ። የኬኦኤ አባልነት 10 በመቶ ይቀንሳል፤ የዓመት ክፍያውን ለማካካስ ስንት ሌሊት እንደሚያስፈልግ አስሉት።

ሜሞሪያል ዴይ፣ ጁላይ 4 እና ሌበር ዴይ ላይ ብዙ ጊዜ ቢያንስ ሦስት ሌሊት ካልያዛችሁ አይቀበሉም። ከሌበር ዴይ በኋላ፣ በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ዋጋው ይወርዳል፣ አየሩም ቀለል ይላል፤ መዋኛው ግን ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ለልጆቹ ቃል ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ።

ስልክ ደውሉ

አስተያየቶችን በቅርብ ጊዜ ቅደም ተከተል አድርጋችሁ አንብቡ፤ ባለቤት ሲቀየር ሁሉ ነገር ይቀየራል። «ባቡር»፣ «መብራት ጠፋ»፣ «ፍሳሽ» የሚሉትን በእንግሊዝኛ ፈልጉ። ከዚያ ቢሮውን አነጋግሩ። የሳይቱን ቁጥር ጠርታችሁ ርዝመቱን፣ መሬቱ ደልዳላ መሆኑን፣ 50 አምፑ ራሱ ሳይቱ ላይ መኖሩን፣ የፍሳሹ አፍ ከፊት ይሁን ከኋላ ጠይቁ። የመሰረዣ ቀነ ገደቡን በኢሜይል ይላኩላችሁ።

ሦስት አራት ቤተሰብ ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን አትደብቁ። ብዙ ቦታ ለአንድ ሳይት ገደቡ ስድስት ሰው አካባቢ ነው፤ ለቡና ብቻ የሚመጣ እንግዳም ተመዝግቦ፣ አንዳንዴ ከፍሎ ይገባል፣ ማታም ይወጣል። ጎን ለጎን ያሉ ሳይቶችን አስቀድሞ መያዝ ጸብ ያስቀራል። የጸጥታ ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ከምሽቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ሙዚቃው ዝቅ ይበል ሳይሆን ይጥፋ ይላሉ።

ከሰል መፈቀዱንም ጠይቁ። ድርቅ ሲሆን አካባቢው እሳት ይከለክላል፤ ያኔ ቡናውን በጋዝ ምድጃ ላይ መቁላት ነው። ዝናብ ቢመጣ እንኳ የከሰል ምድጃ ወደ ትሬይለር ውስጥ አይግባ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ በፍጥነት ይገድላል። ማገዶም ከቤት አትጫኑ፤ እንጨት ውስጥ ያለ ተባይ ስለሚዛመት ብዙ ቦታ የተከለከለ ነው፣ እዚያው ግዙ።

መንገዱንም ተመልከቱ። ከዲሲ ወደ ሰሜን የምትሄዱ ከሆነ የባልቲሞር ሁለቱ ዋሻዎች፣ ፎርት ማክሄንሪና ሃርበር ተነል፣ ከ10 ፓውንድ በላይ የሆነ የጋዝ ሲሊንደር አያሳልፉም፤ የትሬይለር ሲሊንደር ደግሞ ብዙውን ጊዜ 20 ወይም 30 ፓውንድ ነው። የባልቲሞሩ ድልድይ ኪ ብሪጅ በማርች 2024 ከወደቀ ወዲህ ያለው አማራጭ ከተማዋን በሚዞረው በ695 መንገድ በምዕራብ በኩል መዞር ነው። በሸንንዶዋ ፓርክ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭ፣ ላይ ያለው ሜሪስ ሮክ ዋሻ ቁመቱ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው፤ የጣሪያውን ኤር ኮንዲሽነር ጨምራችሁ ለኩ።

ስትደርሱ ትሬይለሩን ከፒክአፑ አትፍቱ። መጀመሪያ የሳጥኑን ብሬከር አጥፉ፣ ሶኬቱ የጠቆረ ወይም የቀለጠ መሆኑን እዩ፣ መከላከያውን ሰክታችሁ ብሬከሩን አብሩና ቮልቱን አንብቡ። ውሃውን ክፈቱ። የፍሳሽ ጎማችሁ ርዝመት እስከ ፍሳሹ አፍ መድረሱን ለኩ። አንዱ ካልሆነ ቢሮ ሄዳችሁ ሌላ ሳይት ጠይቁ። ሁሉም ካማረ ታኮውን በትሬይለሩ ጎማ ሥር አድርጉና ፍቱ።