ገፈርሳ ላይ ወፍ ለማየት

የገፈርሳ የውሃ ግድብ ከመሐል አዲስ አበባ በስተምዕራብ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። በአምቦ መንገድ ቡራዩን እንዳለፉ ውሃው ይታያል። በታክሲ የሚሄዱ ቡራዩ ድረስ ሄደው ሌላ ይያዙ፤ ለረዳቱ ግድቡ ጋ እንደሚወርዱ አስቀድመው ይንገሩት፣ አለበለዚያ «ወራጅ አለ» እስኪሉ ውሃው ከኋላ ይቀራል።

ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ንጋት ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ረፋድ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ፊት ያቃጥላል። ስለዚህ የሚደረብና የሚወልቅ ልብስ፣ ባርኔጣ፣ ሁለት ሊትር ውሃ ይያዙ። ነጭ ልብስ ግን ይቅር። ነጠላ ለብሶ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ለዳክዬ ከሩቅ ያበራል።

ወሩም ለውጥ አለው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ዳክዬዎች ከአገሬዎቹ ጋር ስለሚቀላቀሉ ውሃው ይሞላል። በክረምት ዳርቻው መረሬ ነው፤ ጭቃው ጫማ ይዞ ስለሚያስቀር ያለ ቦት ጫማ አይሞከርም።

ውሃው የከተማው ሕዝብ የሚጠጣው ስለሆነ ጥበቃ አለው። መጀመሪያ ጥበቃዎቹን ሰላም ብለው ለምን እንደመጡ ይንገሩና ፈቃድ ይጠይቁ። ትልቅ ሌንስ አንግቶ ዝም ብሎ መግባት የማያስፈልግ ጣጣ ያመጣል፤ የግድቡን ግንብም ፎቶ አያንሱ። እረኞቹን «አካም ቡልተን» ብለው ይለፉ። ልጆች ከከበቡዎት የባይኖኩላሩን (የአቅርቦ ማያውን) ማንጠልጠያ አንገታቸው ላይ አጥልቀው ተራ በተራ ያሳዩዋቸው፤ ከዚያ በኋላ ዝም የሚሉት በራሳቸው ነው። የወፍ ጎጆ እንዲያሳዩዎት ግን አይጠይቁ። ሰው የረገጠውን መንገድ ውሻና ቁራም ይከተለዋል።

ባይኖኩላር ሲመርጡ «8 በ42» የሚለው ይበቃል፤ 8 የማቅረብ አቅሙ፣ 42 የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 12 የሚያቀርበው የተሻለ ይመስላል፣ ነገር ግን የእጅ መንቀጥቀጥንም አብሮ ያጎላል። ብዙ ሰው «ይደበዝዛል» ብሎ የሚያማርረው መሣሪያውን ለዓይኑ ሳያስተካክል ስለሚጠቀም ነው። ሃምሳ ሜትር ገደማ ላይ ያለ ጽሑፍ ይምረጡ። የቀኙን መስታወት በእጅ ሸፍነው በግራ ዓይን እያዩ የመሐሉን ጎማ ጽሑፉ እስኪጠራ ያዙሩ። ከዚያ ግራውን ሸፍነው፣ የመሐሉን ሳይነኩ በቀኙ በኩል ያለውን ቀለበት ብቻ ያዙሩ። ቀለበቱ የቆመበትን ምልክት ያስታውሱ፤ ሰው ተውሶ ሲመልሰው ሁሌ ተነቃንቆ ነው የሚመጣው። መነጽር የሚያደርጉ ዓይን የሚያርፍበትን ላስቲክ ወደ ታች ያጥፉት።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ዋናው ነው። ጠዋት በምሥራቁ ዳርቻ ሆነው ፀሐይን ከጀርባዎ ያድርጉ። በተቃራኒው ከቆሙ ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ነው። ከውሃው ጠርዝ ሰባ ሰማንያ ሜትር ያህል ርቀው፣ ከኋላዎ ባለው ሰማይ ላይ ጎልተው እንዳይታዩ ዝቅ ብለው ይቀመጡ፤ ከዚያም ቢያንስ አርባ ደቂቃ አይነሱ። ውሃውን ዞሮ ለመጨረስ የሚጣደፍ ሰው የሚያየው የሚበር ወፍ ጀርባ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ሞገዱ ትናንሾቹን ይደብቃል።

የገፈርሳ ባለቤት ባለሰማያዊ ክንፍ ዝይ ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም። ስሙ ያሳስታል፦ ሰማያዊው የሚታየው ሲበር ወይም ክንፉን ሲዘረጋ ብቻ ነው፤ ሣር ላይ ቆሞ ግራጫ ቡናማ ነው። ብዙ ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጀርባው ላይ ጋደም አድርጎ ቀስ እያለ ይራመዳል። ከግብፅ ዝይ ጋር እንዳይምታታ ምንቃርና እግሩን ይመልከቱ፤ የእሱ ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ የግብፁ እግሩ ሮዝ ሲሆን በዓይኑ ዙሪያም ቡናማ ክብ አለው።

ከኋላዎ ካለው ሣር ላይ ደግሞ ድንቢጥ የሚያህል ሳይሆን ከዚያ ጠና ያለ፣ ከጀርባው ሲታይ ዝም ብሎ ቡናማ የሆነ ወፍ ይሮጣል። ሲዞር ጉሮሮው ብርቱካናማ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ሐብል ያጠለቀ ከሆነ፣ ይህም የአገራችን ብቻ የሆነው ባለረጅም ጥፍር ነው፤ እስኪዞር መጠበቅ ነው። ረግረግ ጥግ ላይ ጅራቱን ብድግ ብድግ እያደረገ ከሥሩ ነጭ የሚያሳየው ቡናማ ወፍ የሩዤ ረግረግ ወፍ ይባላል። በላይዎ እየጮኸ የሚያልፈውን ጋጋኖ፣ ጉሮሮው ሥር የተንጠለጠለችውን ሥጋና ክንፉ ላይ ያለውን ነጭ ካዩ አይሳሳቱም።

መንጋ ሲቆጥሩ አሥሩን አንድ በአንድ ቆጥረው ምን ያህል ቦታ እንደሚይዙ ይዩ፤ ቀሪውን በዚያ ልክ እየከፈሉ ይገምቱ። ቆጠራውን ኢበርድ በሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ የሚያስገቡ ሰዓቱን ይጠንቀቁ፤ በእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ያዩት ዳክዬ እዚያ 7 ተብሎ ካልተጻፈ በሌሊት የታየ ሆኖ ይቀመጣል።

ኃይል የተረፈው ከሰዓት በኋላ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ሊሻገር ይችላል። ጥንታዊ የጽድና የዝግባ ደን ነው፤ ጉሬዛ፣ የምኒልክ ድኩላ፣ በቀቀንና ግንደ ቆርቁር አለው። በሰበታ በኩል ያለው መንገድ ዝናብ ከዘነበበት ከፍ ያለ መኪና ይፈልጋል፤ በ8 ሰዓት ያልደረሰ ሰው ለሌላ ቀን ቢያቆየው ይሻላል፣ ደኑ ውስጥ ከውጪ ቀድሞ ይጨልማል።