ካምሻፍት ሴንሰር ከመግዛትዎ በፊት ሽቦውን ይዩ

ጠዋት ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል፣ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን ቶሎ አይነሳም። ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር ሰልፍ ይዘው ሲሄዱ ደግሞ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ዙር) ይንቀጠቀጣል። አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል። ጉልበት ይቀንሳል፣ የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል። የኮድ ማንበቢያ ማሽን ሲሰካ ፒ0340 የሚል የብልሽት ኮድ ያወጣል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሴንሰር ሊገዛ በቀጥታ ወደ መኪና ዕቃ ሰፈሩ ሶማሌ ተራ ይወርዳል። አይቸኩሉ። ኮዱ የሚናገረው ስለ ካምሻፍት ሴንሰሩ (ቫልቮችን የሚከፍተው ዘንግ የት እንደደረሰ ለመኪናው ኮምፒውተር የሚነግረው) መስመር ነው፤ መስመሩ ሶኬቱንም ሽቦውንም ይጨምራል።

መጀመሪያ ቁልፉን አጥፍተው ሶኬቱን ይንቀሉ። ውስጡ ዘይት ካለ የኮፐርቺዮው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጎሚኒ አፍስሶ ሊሆን ይችላል። ፒኖቹ ዝገዋል? ሽቦውን አይጥ በልቶታል? ግቢ ውስጥ የሚያድር መኪና ላይ ይሄ ብርቅ አይደለም። ከዚያ ሶኬቱን መልሰው ሞተሩን ያስነሱና ሽቦውን በቀስታ ያነቃንቁ፤ ከቺንጋና ከፋን ግን እጅዎን ያርቁ። ድምፁ ከተቀየረ ጥፋቱ ሽቦው ነው።

ሽቦው ደህና ከሆነ ሜትር ያስፈልጋል። ሁለት ሽቦ ያለው ሴንሰር ማግኔታዊ ስለሆነ በኦም ይለካል። ትክክለኛው ልክ እንደ መኪናው ይለያያል። ባለ ሦስት ሽቦውን ግን በኦም መለካት ከንቱ ድካም ነው። ቁልፉን ከፍተው ሶኬቱ ላይ መብራት መድረሱን (እንደ መኪናው 5 ወይም 12 ቮልት) እና ማሳው (ኔጌቲቩ) መያዙን ይዩ። መብራት ካልመጣ አዲስ ሴንሰር ቢገጥሙም ለውጥ የለም።

ፒ0016 (ካምሻፍቱና ክራንክሻፍቱ አልተናበቡም የሚል ኮድ) አብሮ ከወጣ፣ ወይም ጠዋት ሲነሳ ካቴናው (የታይሚንግ ሰንሰለቱ) ከተንኳኳ፣ ነገሩ ከሴንሰር ያልፋል። ካቴናው ረዝሞ ሊሆን ይችላል። ችግሩ የመጣው የታይሚንግ ቺንጋ ከተቀየረ በኋላ ከሆነ የታይሚንግ ምልክቱን አስቀድመው ያስፈትሹ።

የተበላ ሽቦ በቴፕ ብቻ አይጠቅልሉ፤ በካውያ ይበየድ። ሴንሰሩ ራሱ ከሆነ መቀየሩ ቀላል ነው፦ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ፣ ብዙ ጊዜ በ10 ቁልፍ የሚፈታ አንድ ብሎን ብቻ ነው ያለው። ኦሪንጉን (የጎማ ቀለበቱን) ዘይት ቀብተው ሴንሰሩን በእጅ ይግፉት፣ በመዶሻ አይምቱት። ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱና ቁጥሩን ያመሳክሩ። እኔ ከፎርጅድ አዲስ ያገለገለ ኦሪጅናል እመርጣለሁ። ከዚያ ኮዱን አስጠፍተው ሞተሩ እስኪሞቅ ይንዱት።

ኮድ ሳይኖር ሲሞቅ እየጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ከሆነ ክራንክሻፍት ሴንሰሩንም (የዋናውን የሞተር ዘንግ ዙር የሚያነበውን) ይጠርጥሩ።